አሮጌ መኪናና ፈታኝ መንገድ በኢትዮጵያ

አሮጌ መኪናን ጥርጊያ በሌለበት መንዳት በሌላው ዓለም የታወቀ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የተቋቋመው የእንግሊዝ የሞተር ሳይክል ክለብ ከለንደን እስከ ላንድስ ኤንድ የሚዘልቀውን ውድድሩን በ1908 ጀመረ። ዋናው ነገር ፍጥነት አይደለም፤ ጭቃና ድንጋይ የበዛበትን ዳገት ሳይቆሙ መውጣት ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህን ፈተና ያመጣው መንገዱ ራሱ ስለሆነ ተፈታኙም በአብዛኛው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር።

መነሻ

ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን መኪና ማን አመጣ የሚለው አከራካሪ ነው። ብዙዎቹ ጸሐፍት የሚያስቀድሙት እንግሊዛዊውን ቢድ ቤንትሌይን ነው። ቤንትሌይ በ1899 ዓ.ም. ማብቂያ ከለንደን ተነስቶ፣ ዌልስ የተባለ መካኒክና ቡሊ የተባለ ውሻ አስከትሎ፣ በ1900 ዓ.ም. በሲድሊ መኪና ዋና ከተማው ገባ። አፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። የጉዞው ታሪክ በክሊፎርድ ሃሌ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1913 ታትሟል። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ በሳክሶኒ የተሠራ ናከ መኪና ይዞ በዚያው ዓመት ደረሰ፤ እሱ ግን መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ነው። የሁለቱም ስም ሊቆይ የቻለው ጉዟቸው ስለተጻፈ ይመስላል። በየወንዙ መኪኖቹን በገመድ የጎተቱት ሰዎች ስም ግን እምብዛም አይነሳም።

በሞተር ኃይል የሚሄድ ሁሉ ከተቆጠረ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ፣ ከሁለቱም ጥቂት ዓመታት ይቀድማል።

ቤንትሌይና ሆልትስ በመጡ ጊዜ የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ የበቅሎና የግመል ነበር፤ መኪናም በዚያው መጣ።

የጣሊያን ዘመንና ከዚያ ወዲህ

በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር። ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር እስኪጠገን ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ጣሊያኖቹ ከወጡ በኋላ መንገዶቻቸውና የመካኒኩ ቋንቋ ቀሩ፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ከመነዳሪ። ኋላ የመጣው ፊያት 682፣ በተለይም ኤንትሬ የሚባለው ዓይነት፣ ሊማሊሞንና የዓባይን በረሃ የሚወጣው በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ይወረውራል፤ ሾፌሩም ፍሬኑን ለቆ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ያነሳል። የእንግሊዙ ውድድር ዳኛ ይህን ቢያይ ነጥብ መቀነሱ አይቀርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም የቀረበው ላንድሮቨርና በ1960 መመረት የጀመረው የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘር የመስክ ሥራ መኪኖች ሆኑ። የላንድሮቨሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ይዝጋል።

ውድድር

ከአብዮቱ በፊት የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የተባለ ውድድር ይካሄድ ነበር። ይሁንና ራሊ ሰዓት ስለሚቆጥር ከላይ ከተገለጸው የዳገት ፈተና ይለያል።

ገላን

የጭቃው ፈተና ዛሬም በአዲስ አበባ ዳር ይገጥማል፤ ለምሳሌ ገላን። ገላን ኮንዶሚኒየም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ዳር ይገኛል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተውና 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት ቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም። ከአስፋልት የወረደ መኪና ግን ዋልካ ይጠብቀዋል። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጥርሱ የተሞላ ጎማ ደግሞ ጥርሱ እንዳለቀ ጎማ ይሆናል። ዲፈረንሻሉ የማይቆለፍ አሮጌ መኪና አንዱ ጎማው ሲንሸራተት ጉልበቱ በዚያው ይባክናል፣ ሌላው ጎማ አይገፋም። ልምድ ያለው ሾፌር ጭቃው ውስጥ ሳይገባ ፎር ዊሉን ያስገባል፣ ማርሽ አይቀይርም፣ ነዳጅም በድንገት አይሰጥም። ሰንሰለት ካለው የሚያስረው አስፋልቱ ጫፍ ላይ፣ እጁና ልብሱ ገና ንጹሕ ሳለ ነው።