«አገር ስጠኝ»፦ ደም የማያፈስ ቅጣት

በጨዋታ የተሸነፈን መቅጣት የቆየ ልማድ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 እንደተጻፈው፣ ሶምሶን በሠርጉ ግብዣ ላይ ለ30 ጓደኞቹ እንቆቅልሽ አቀረበ። በ7 ቀን ውስጥ ከፈቱት 30 ቀሚስና 30 ቅያሪ ልብስ ሊሰጣቸው፣ ካቃታቸው ሊሰጡት ተወራረዱ። እነሱ ምስጢሩን በሙሽራይቱ በኩል አወጡ፤ እሱም ዕዳውን የከፈለው አስቀሎና ወርዶ 30 ሰው ገድሎ በገፈፈው ልብስ ነበር።

የእኛ አባቶችና እናቶች ግን ለዚሁ ጨዋታ ደም የማያፈስ ቅጣት አበጁለት። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» መልሱ የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፤ ጠያቂው ካልጣመው «አልፈልግም» ብሎ ሐረርን ወይም ጅማን ያስጠራዋል። አገሩን ከተቀበለ በኋላ ተሸናፊውን በቃላት ወርፎ፣ ቤቱን አስቆ፣ መልሱን ይናገራል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሳይቀር እሳት ዳር ተቀምጦ የአገሩን ከተሞች ስም የሚለምደው በዚህ ቅጣት ነበር።

ዛሬ በውጭ አገር የተወለዱ ልጆቻችን «አገር ስጠኝ» ቢባሉ ስንት ስም ይጠራሉ? እኛ አዋቂዎቹስ? ከተማ በተጠራ ቁጥር «የማን ነው?» እያልን እንጣላለን። ያ ልጅ ግን ጎንደርንም ሐረርንም የሚሰጠው ሁሉም የእሱ ስለሆነ ነበር። በመጪው የበዓል ግብዣ ሙዚቃውን ዝቅ አድርገን ልጆቹን እንቆቅልሽ እንጠይቃቸው።

ቸር ይግጠመን።