ከበሩ ወዲያ፦ ሴቶችና የምህንድስና ትምህርት

የጀጎል ምሥራቃዊ መግቢያ ኤረር በር ነው፤ በር ግን ያስገባል እንጂ አያኖርም። ከሐረር ብዙም ሳይርቅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲቋቋም ከግብርና ጋር የሜካኒክ ጥበብን በስሙ ይዞ ነበር። ሴቶች በታሪክ ስለ ወረሱት አድልዎ ልዩ ድጋፍ ማግኘታቸው ሕገ መንግሥታዊ መብት የሆነው ግን ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ በአንቀጽ 35 ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብም ለሴቶች ዝቅ ብሎ ሲወሰን ቆየ። በሩ ተከፈተ።

የሐረሪ ሴቶች ከበሩ ወዲህ ያለውን ኑሮ በአፎቻ ያጸኑታል፤ ሰርግንም ሐዘንንም አንዲቱ ብቻዋን አትወጣውም። የምህንድስና ተማሪዋም የሚያሻት ይኸው ነው፦ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ቀድማ ያለፈች እኅት ምክር፣ በወርክሾፕም መሣሪያውን በራሷ እጅ የምትይዝበት ተራ። የታሪክ ዕዳ በቅበላ ዕለት ይታመናል፤ የሚከፈለው በምረቃ ነው።