ከውጭ ሥርዓት የሚመጡ ተለዋዋጭ ራውቶች

ተለዋዋጭ ራውት የድረ ገጽ መተግበሪያ የአድራሻውን ቅርጽ ብቻ አስቀድሞ የሚያውቅበት፣ በቅርጹ ውስጥ የሚገባውን ስም ግን ጥያቄው ሲደርሰው የሚያነብበት አሠራር ነው። መተግበሪያው «ዜና» ከሚለው ቃልና ከእዝባሩ ቀጥሎ አንድ ስም እንደሚመጣ ያውቃል፤ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስሞቹ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ካሉ ብዙ ጣጣ የለውም። ጣጣው የሚጀምረው የስሞቹ ባለቤት ሌላ ሥርዓት ሲሆን ነው።

የተለመደው ምሳሌ አዘጋጆች በዎርድፕረስ የሚጽፉበት፣ ገጹን ለአንባቢ የሚያቀርበው ግን በኔክስት ጄኤስ የተሠራ መተግበሪያ የሆነበት ድረ ገጽ ነው። ዎርድፕረስ ይዘቱን ለሌሎች ፕሮግራሞች በሬስት ኤፒአይ የሚሰጥበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ከወጣው 4.7 እትም ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አብሮ ይዟል። ኔክስት ጄኤስ ደግሞ በ2019 በ9ኛው እትሙ ፋይልን በማዕዘን ቅንፍ በመሰየም ተለዋዋጭ ራውት መክፈትን ፈቀደ። በ2020 ገጾችን አስቀድሞ ገንብቶ ማስቀመጥንና ቆይቶ አንድ በአንድ ማደስን ጨመረበት።

አስቀድሞ የተገነባ ገጽ ፈጣን ነው፤ አዘጋጁ አሁን ያረመውን ግን አያውቅም። ስለዚህ ዎርድፕረሱ ለውጥ ሲኖር በዌብሁክ፣ ማለትም ወዲያው ለመተግበሪያው በሚልከው መልእክት፣ እንዲያሳውቅ ይደረጋል። የግጭት ነገርም አለ፦ አዘጋጁ ለጽሑፉ «ፍለጋ» የሚል ስም ቢሰጥ ከመተግበሪያው የፍለጋ ገጽ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ኔክስት ጄኤስ ቋሚውን ራውት ያስቀድማል፤ ጃንጎና ኤክስፕረስ በተባሉት ሌሎች ማዕቀፎች ግን ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል።

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ትልቁ ራስ ምታት ስላግ፣ ማለትም ከርዕሱ የሚወጣው የአድራሻ ስም ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁጥሮች ወይም ሆሄያት ስለሚጻፍ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ይወስዳል። ዎርድፕረስ ለስላግ የመደበው 200 ቦታ ነው፤ ይህም ከ22 ፊደል አያልፍም። «የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ከነጭረቶቹ 147ቱን ይጨርሳል፣ ለቀሪው ዜና የሚተርፈው አምስት ፊደል ነው። በዚህ ሐረግ የሚጀምሩ ርዕሶች ደግሞ በየዕለቱ ይወጣሉ። ተቆርጠው አንድ ዓይነት ሲሆኑ ዎርድፕረስ ከኋላቸው 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይቀጥልባቸዋል።

ሞክሼ ፊደላትም አሉ። አራሚ ስላጉን ከ«ሠላም» ወደ «ሰላም» ቢያስተካክል ለአንባቢ ያው ቃል ነው፤ ለራውቱ ግን ሌላ አድራሻ ነው፣ በቴሌግራም የተሰራጨው ሊንክም ይሞታል። ዎርድፕረስ የድሮውን ስላግ አስታውሶ ወደ አዲሱ የሚመራው ገጹን ራሱ ሲያቀርብ ነው፤ በኤፒአይ በስላግ ለሚጠይቅ ውጫዊ መተግበሪያ ይህን አያደርግለትም። በመሆኑም መተግበሪያው የቆዩ ስሞችን መዝግቦ «በቋሚነት ተዛውሯል» በሚለው ኮድ በ301 ማዞር ይኖርበታል። ከሁሉም የሚሻለው የጽሑፉን መለያ ቁጥር በአድራሻው ውስጥ ማኖርና ገጹን በእሱ መፈለግ ነው፤ ያኔ ስላጉ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ስሙ ጨርሶ ከሌለ ዎርድፕረስ በስላግ ለተጠየቀው የሚመልሰው «አልተገኘም» የሚለውን ኮድ 404 ሳይሆን ባዶ ዝርዝር ነው፣ ያውም «ተሳክቷል» በሚለው ኮድ በ200። ይህን ወደ 404 የመቀየሩ ኃላፊነት የመተግበሪያው ነው፤ ካልቀየረው ባዶው ገጽ ትክክለኛ መስሎ ይቀርባል። የውጭው ሥርዓት መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ 404 መመለስ ስህተት ነው፦ የፍለጋ ሞተሮች ገጹ ጠፍቷል ብለው ከመዝገባቸው ሊያወጡት ይችላሉ። ተገቢው በካሽ የተቀመጠውን የቆየ ቅጂ ማሳየት፣ እሱም ከሌለ «አገልግሎቱ ለጊዜው የለም» የሚለውን ኮድ 503 መመለስ ነው።