የወጣት ካቶሊካውያት ታላቅ እህት
በኢጣልያ ሴት ልጅ በጉባኤ ፊት ቆማ መናገርዋ ገና ባልተለመደበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በሚላኖ ከተማ የተወለዱት ወይዘሪት አርሚዳ ባሬሊ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ የወጣት ካቶሊካውያትን ማኅበር በመላው አገሪቱ ያቋቁሙ ዘንድ በ1918 ባዘዟቸው ጊዜ፣ ትእዛዙን በትሕትና ተቀብለው፣ ከሀገረ ስብከት ወደ ሀገረ ስብከት እየተዘዋወሩ የሠራተኛውን ልጅ ከመኳንንቱ ልጅ ጋራ በአንድ ጉባኤ አስቀመጡ። በ1921 አባ አጎስቲኖ ጄሜሊ በሚላኖ ካቶሊካዊውን ዩኒቨርሲቲ ሲመሠርቱም ገንዘብ ያዥ ሆነው ከምእመናን ምጽዋት ሰበሰቡ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው፣ የኢጣልያ ሴቶች በ1946 በአገር አቀፍ ምርጫ መጀመሪያ ድምፅ በሰጡ ጊዜ፣ ብዙዎቹ መመካከርንና በጉባኤ መናገርን በዚህ ማኅበር ቀድመው የተማሩ መሆናቸውን ነው። ወይዘሪት አርሚዳ በ1952 አረፉ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም በ2022 ብፅዕት ብላ ሰየመቻቸው።