የድረሱልኝ ጥሪ ተቀባይ፦ ስሙና ደመወዙ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በምሥራቅ ሸዋና በአርሲ መዋሰኛ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። በዓልና የሳምንት መጨረሻ በደረሰ ቁጥር ወደ ዳርቻው የሚወርደው እንግዳ የቆመበትን ቀበሌ ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሰው ሲሰጥም ወይም በሞጆና በሻሸመኔ መካከል መኪና ሲገለበጥ ግን የሚደውለው ይኸው እንግዳ ነው። ጉዳዩ የየትኛው ወረዳ ፖሊስ እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ መንቀሳቀስ እንዳለበት፣ አምቡላንስ ይታከል አይታከል በደቂቃዎች ውስጥ የሚወስነው ስልኩን ያነሳው ሰው ነው። በአገራችን ታሪክ ይህ ሰው ስሙንም ደረጃውንም ያገኘው ከእጁ መሣሪያ ነው፤ የሚሰጠው ውሳኔ ሚዛን ላይ አልወጣም። ይህ አመዳደብ በዘመኑ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን የለውም።

ከስልክ ሽቦ በፊት ጥሪውን መቀበል የሁሉም ሰው ግዴታ ነበር። በደጋው ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ በኦሮሞው አገር ደግሞ «ኢያ» የሚባለው የጭንቅ ጩኸት ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይተላለፋል። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ከቀረ የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ የቀረም ይቀጣል። ለዚህ ሥራ የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም፤ ክብደቱ የሚታወቀው ባልተወጣው ሰው ላይ በሚወድቀው ቅጣት ነው። ሐሳቡ ዛሬም ከሕጋችን አልወጣም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 አደጋ ላይ ላለ ሰው አለመድረስን ያስቀጣል። ሰምቶ መድረስ ሸክም መሆኑን አባቶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሲዘረጋ፣ መልእክት መቀበል ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው እንጀራ ሆነ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ እንደ ሞጆና አዳማ ያሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የባቡር ጣቢያ ከተሞች ሆኑ፤ ጣቢያ ባለበት መልእክት ተቀባይ አለ። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስልከኛ፣ ቴሌግራፊስት፣ ራዲዮ ኦፕሬተር የሚሉት መጠሪያዎች ሁሉ መሣሪያውን ይጠራሉ። በዚያ ዘመን ይህ ትክክል ነበር፤ ብርቁ ችሎታ መስመር ማገናኘት፣ ምልክት ማንበብ፣ ሞገድ መያዝ ነበርና። ችግሩ የተወለደው መሣሪያው ቀላል ሆኖ ውሳኔው ሲከብድ፣ ስሙ ግን ባለበት ሲቀር ነው።

ስም ደግሞ ደመወዝን ይጎትታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጣው የመንግሥት የሥራ ምደባ ሥራዎችን በጽሕፈትና ሂሳብ፣ በእጅ ጥበብ፣ በጥበቃና ጉልበት፣ በፕሮፌሽናልና ሳይንስ እያለ ከፋፈለ። በእንዲህ ያለ ድልድል ውስጥ ስልክ ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚጠጋው ወደ ጽሕፈቱ ነው፤ መልእክት ይጽፋል፣ ያስተላልፋል፣ ይመዘግባል። ሰው ማትረፍ የሚባል መደብ አልነበረም። ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የጥሪው ክብደት ቀድሞ በታየበት አገርም አለ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1937 የ999ን የአደጋ ጥሪ ቁጥር የጀመረችው፣ ከሁለት ዓመት በፊት አምስት ሴቶች በሞቱበት ቃጠሎ ለእርዳታ የደወለ ጎረቤት ወረፋ ስለጠበቀ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1968 911ን ጀመረች። እዚያ ግን የመንግሥት የሥራ ምደባ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሻሻል የጥሪ ተቀባዮቹን መጠሪያ ለውጦ በቢሮ ድጋፍ ሰጪዎች መደብ ውስጥ ተዋቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 መካከለኛ የዓመት ደመወዛቸው 49 ሺሕ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የጥበቃ ፖሊሶች 72 ሺሕ ገደማ ነበር። ስም ብቻ መለወጥ እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

«ጥይትና ጎርፍ ፊት የሚቆመው ሜዳ ላይ ያለው ፖሊስ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንዴት ከእሱ ይስተካከላል?» የሚል ሙግት ይነሳል። የሜዳው አደጋ የሚካድ አይደለም፤ የአደጋ አበል የሚገባውም ለዚህ ነው። ሥራ ግን በአደጋ ብቻ አይመዘንም። ባለፉት ዓመታት በሲቪል ሰርቪሱ የተዘረጋው ባለ 22 ደረጃ የሥራ ምዘና ራሱ ዕውቀትንና ኃላፊነትን ጭምር ይመዝናል። የተሳሳተ ወረዳ የተላከ ፖሊስ ጀግና ቢሆን እንኳ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ሙግት የበለጠ ክብደት አለው፦ የእኛ ፖሊስ የሚከፈለው በማዕረጉ ነው፤ ኮንስታብልም ሆነ ሳጅን ስልክ ላይ ቢመደብ ደመወዙ አይቀንስም። እውነት ነው፤ በዚህ ከአሜሪካው አሠራር ይሻላል። ነገር ግን ማዕረግ የሚከፍለው ለሰውየው እንጂ ለወንበሩ አይደለም። ወንበሩ የራሱ ሥልጠናና የራሱ የእድገት መሰላል ከሌለው ተራ የደረሰው የሚቀመጥበት ቦታ ይሆናል፤ የአካባቢውን መንገድና ወሰን አጥንቶ የበሰለውም ለማደግ ሲል መልቀቅ ይኖርበታል። የአማርኛና የኦሮምኛ ደዋይን እኩል የሚሰማ፣ የተደናገጠን ሰው አረጋግቶ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም።

ሦስተኛው ሙግት የገንዘብ ነው። ድሃ አገር ለሁሉም መጨመር አትችልም ይባላል። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት 939 ተብሎ ጥሪው ተከፋፍሏል፤ በየአንዱ ጫፍ የሰው ጆሮ ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ከመላው የፖሊስ ኃይል አንጻር ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ መደቡን ለይቶ መመዘን በጀት የሚያናጋ ወጪ አይሆንም። ጥበበኛ ጥሪ ተቀባይ ደግሞ ነዳጅና ሰው ያተርፋል። እንግዲህ የሚገባው በኦሮሚያም ሆነ በሌሎች ክልሎች ፖሊስ ውስጥ ጥሪ መቀበልና ኃይል ማሰማራት ራሱን የቻለ ሙያ ተብሎ እንዲመደብ፣ የራሱ ሥልጠና፣ የሌሊት ተረኝነት አበልና የማዕረግ እድገት እንዲኖረው ነው። የቀድሞው ሕግና ልማድ ጩኸት ሰምቶ ያልደረሰን ሲቀጣ ኖሯል፤ የዛሬው መንግሥት ሰምቶ የሚያደርሰውን ሰው በሥራው ልክ ሊከፍለው ይገባል።