ለፍቺ ምክንያት ስለ መፈለግ

ባልና ሚስት ሳይጣሉ ለመለያየት ቢስማሙ፣ ሕግ «ምክንያታችሁን ንገሩኝ» ሊላቸው ይገባልን? ይህ ጥያቄ በአገራችን በ40 ዓመት ልዩነት ሁለት ተቃራኒ መልስ አግኝቷል።

አስቀድመን ወደ ፎገራ እንሂድ። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በዚያ ሜዳ፣ የትዳር ሀብት ሲባል ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ከብት ነው፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናትና። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲለያዩ፣ የቀድሞው ልማድ በአመዛኙ የሚመረምረው በደሉን ሳይሆን ሀብቱን ነበር፤ ማን ምን ይዞ መጣ? በአንድነት የተፈራውስ ስንት ነው? ሽማግሌዎች ይቆጥራሉ፤ ያካፍላሉ። የቁርባን ጋብቻ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ማሰሪያ በከብት ቆጠራ አይፈታም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በባልና ሚስት ስምምነት ብቻ ፍቺ እንዳይደረግ ከለከለ። ጉዳዩ ለዘመድ ዳኞች እንዲቀርብ አዘዘ፤ ምክንያቱንም ከባድ የሆነና ያልሆነ ብሎ ለየ። ዝሙት ከባድ ነው፤ የት እንዳሉ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ከቤት መጥፋትም እንዲሁ። ከባድ ምክንያት ሲኖር ዳኞቹ በአንድ ወር ይፈርዳሉ፤ ከሌለ እያስታረቁ እስከ አንድ ዓመት ሊያቆዩ ይችላሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መዘግየት ብቻ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን በደሉ ከሀብቱ ጋር ተያይዟል። ለከባዱ ምክንያት ጥፋተኛ የሆነው ከጋራው ሀብት ድርሻው ሊቀነስበት ይችላል፤ ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺን የጠየቀውም ከዚህ አያመልጥም። እንግዲህ ያስቡት፤ ያልተጣሉ ሁለት ሰዎች «አመልካቹ ማን ይሁን?» ብለው ሲመካከሩ፣ የሚመክሩት ላሞቹ ወደ ማን ቤት እንደሚነዱ ጭምር ነው። የሽምግልናን ልማድ አክብሮ የተቀበለ ሕግ፣ ሽማግሌዎቹ ሲሠሩት የኖሩትን መከልከሉ ያስገርማል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ሻረ። ተጋቢዎች ስምምነታቸውን ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም። ይሁን እንጂ ያ አዋጅ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር፤ ፎገራ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 እስካወጣበት እስከ 1995 ዓ.ም. በቀድሞው ሕግ ሥር ቆየ።

በአዲሱ ሥርዓት ዳኛው የሚጠይቀው ስለ በደል አይደለም፤ ፈቃዱ የሁለቱም ነጻ ፈቃድ መሆኑን ነው። ከብቱን የሚያካፍለው ወረቀት በባል እጅ ተጽፎ ሚስት ዝም ብላ በቆመች ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።