ከአቡጀዲ ጣቃ እስከ ኮንቴይነር፤ በሞጆና በአካባቢዋ ከተሞች የአለባበስና የሸመታ ልማድ

የአንድ ሕዝብ አለባበስ በሚመረመርበት ጊዜ ብዙዎቹ መርማሪዎች የሚጀምሩት ከልብሱ ዓይነት፣ ከጥለቱና ከቀለሙ ነው። ልብሱ በምን መንገድ ከገበያ እንደ ደረሰ፣ በየትኛው ወቅት እንደ ተገዛ፣ ማን መርጦ ማን እንደ ከፈለ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሞጆ ለዚህ ጥያቄ የምትመች ስፍራ ናት። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ያልፍባታል፤ ወደ ባቱ (ዝዋይ)፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድ ከአዳማው መንገድ የሚለየው በእርሷ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ ዋና ደረቅ ወደብ ተቋቁሞባታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) የኢትዮጵያ ሕዝብ ከባሕር ማዶ እያስመጣ የሚለብሰው ልብስ አብዛኛው በዚህች ከተማ አጠገብ ያልፋል ማለት ይቻላል። የሰው አለባበስ ግን ባለፈው ዕቃ ብዛት ብቻ የሚወሰን አይደለም።

በቀድሞው ዘመን በደጋው አገር የሰው ማዕርግና ስሜት የሚታወቀው በገዛው ልብስ ሳይሆን በአጣጣሉ ነበር። አንዱ ሸማ ለብዙ ነገር ያገለግላል፤ ባለቤቱ በታላቅ ሰው ፊት ሲቆም በወገቡ ላይ አሥሮ ያደገድጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መስቀልያ ያጣፋዋል፤ ኀዘን ሲደርስበት ጥለቱን ወደ ትከሻው ያዞረዋል። የኰራ ሰው አጣጣልና የተጨነቀ ሰው አጣጣል ከሩቅ ይለይ ነበር። ሸማውም ቢሆን ከገበያ የሚገዛው ሁልጊዜ አልነበረም። ጥጡን የቤት እመቤት ትፈትላለች፤ ድርና ማጉን ሸማኔው ተቀብሎ ዋጋውን ተነጋግሮ ይሠራል። ባለ ቀይ ጥለቱ ጃኖ፣ በወርቅ የተጠለፈው ካባና ለምድ ደግሞ ከንጉሥና ከመኳንንት እጅ በሽልማት የሚገኙ ነበሩ እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ በአደባባይ የሚወጣባቸው አልነበሩም። ስለዚህ ለግል ምርጫ የተተወው ዋና መስክ የአጣጣሉ ሥርዓት ነበር።

ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ መልኩ ይለወጣል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የሴቶች ልብስ ከተለፋ ቆዳ ይሠራ፣ በጨሌና በዛጎል ያጌጥ ነበር። ይህ ልብስ ከገበያ ውጭ የሆነ፣ ፍጹም የቤት ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ዛጎሉ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ጨሌውም ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ተነሥቶ በነጋዴ እጅ የደረሰ ነውና። በመተሐራ ዙሪያ የሚኖሩት የከረዩ አርብቶ አደሮች ወንዶች ነጭ ጨርቅ ከጠጕራቸው አበጣጠር ከጉንፉራው ጋር አስማምተው ይለብሳሉ። በመጡበት አገር ሁሉ የሚያስታውቃቸው ከጨርቁ ይልቅ ጉንፉራው ነው። እዚህም ዕቃው ከገበያ ቢመጣም መለያው በባለቤቱ አካልና እጅ ላይ ቀርቶ ነበር።

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ ያናወጠው አቡጀዲ ነው። ያልነጣው የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ሲገባ፣ ፈታይም ሸማኔም ሳያስፈልገው በጣቃ ይመጣ፣ በክንድ እየተለካ ይሸጥ ነበር። እጀ ጠባብና ሱሪ ተሰፋበት፤ ድንኳን ተተከለበት፤ ሙታን ተከፈኑበት። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ በ1894 ፈቅደው ሐዲዱ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የሲራራው ጕዞ ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ። ከዚያም የጨርቁ ምንጭ ራሱ ተለወጠ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካውንና የሕንዱን ከገበያ እየገፋ ወጣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ሲሄዱ፣ የዚያ አገር ፋብሪካ ሥራ አስቀድሞ በኢትዮጵያ ገበሬ ትከሻ ላይ ነበረ።

በባቡሩ መሥመር ላይ የበቀሉት ከተሞች ለልብስ ያመጡት አዲስ ነገር ባቡር ጣቢያው አልነበረም፤ ሱቁና በሱቁ በረንዳ ላይ የተቀመጠው የልብስ ስፌት መኪና ነው። የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች ጣቃውን ይዘረጋሉ፤ ልብስ ሰፊው በሲንጀሩ አጠገብ ሆኖ ይጠብቃል። ገዢው ጨርቁን ከአንዱ፣ ቅርጹን ከሌላው ይገዛል ማለት ነው። ልብስ ሰፊው የሚያውቃቸው ቅርጾች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ካፖርትና ኮሌታ ከወንድማማች የተወረሰ ያህል ይመሳሰል ነበር። የከተማ ሰውን ከገጠር ሰው የሚለየው በአጣጣል የተገለጠው ማዕርግ መሆኑ ቀርቶ በልኩ የተሰፋ ልብስ መልበሱ የሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው። የኢጣልያ ወረራ (1936–1941) ካኪንና የጭነት መኪናን አበዛ፤ የአዲስ አበባንም ገበያ ከአራዳ አንሥቶ መርካቶ በተባለው ስፍራ ተከለው። ይህ የመጨረሻው ነገር ውጤቱ እስከ ዛሬ የዘለቀ ስለ ሆነ ከታች ይመለሳል።

ዕቃው በማንኛውም መንገድ ቢመጣ፣ የሚገዛበትን ቀን የሚወስነው ግን ወደብም ባቡርም አይደለም። ሞጆ የምትገኝበት የሉሜ ምድርና ጎረቤቱ አድዓ የጤፍ አገር ናቸው። ጤፉ ታጭዶ ተወቅቶ ገንዘብ ከገበሬው እጅ የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ሲሆን፣ ገናና ጥምቀት ወዲያው ይከተላሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የቆየ ተረት የአምልኮ ብቻ ሳይሆን የምርት ዘመንም ነገር አለበት፤ ቀሚሱ የሚገዛው ጎተራው ሲሞላ ነውና። ክረምቱ ሲወጣ እንቍጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ በአንድ ወር ውስጥ ይመጣሉ፤ በአዳማና በአርሲ በኩል ባሉት ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ዒድ አለ፤ ዒድ ግን በጨረቃ አቈጣጠር ስለሚዞር ከምርት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ገዢውም በዱቤና በእቍብ ገንዘብ ይረዳል።

ከዚህ ልማድ ብዙ ነገር ይከተላል። ልብስ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚገዛ ከሆነ፣ ገዢው የሚፈልገው ጠንካራውንና በበዓል የሚታየውን ነው። ለሕፃን የሚገዛው «ያድግበታል» ተብሎ ከልኩ ይሰፋል፤ በመጀመሪያው ዓመት እጅጌው ይታጠፋል፤ በሁለተኛው ልኩ ይሆናል፤ በሦስተኛው ለታናሹ ይተላለፋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚታይ ልጅ ሰፊ ኮት መልበሱ የቤተ ሰቡን የገንዘብ ስሌት ያሳያል እንጂ የልጁን ምርጫ አያሳይም። ግዢውም የብቻ ሥራ አይደለም። ለመግዛት የሚወጣ ሰው እኅቱን፣ አክስቱን ወይም ዋጋ መከራከር የሚያውቅ ወዳጁን ይዞ ይሄዳል፤ አብሮ የሄደውም ሰው አስተያየት አለው። ገበያው በአንድ ሳምንት ስለሚገዛ፣ ነጋዴውም ከአንድ ቦንዳ ስለሚሸጥ፣ የአንድ መንደር ኰረዶች በጥምቀት ባሕር ላይ በአንድ ዓይነት ሹራብ ይገናኛሉ። ይህን መመሳሰል ከባህል ብቻ የመጣ አድርጎ መተርጐም ቀላል ቢሆንም ትክክል አይሆንም።

የልብስ ምርጫ የሕዝብ ክርክር የሆነበት ጊዜም መጥቷል። መጋቢት 30 ቀን 1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲደረግ፣ ተማሪዎች ትርኢቱ የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ወደ ትርኢቱ የመጡትም ሰዎች ተጐሳቈሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው በኤውሮጳ ሥርዓት የተሰፋ ሱሪና ኮት የለበሱ ነበሩ። የወንዱ ሱሪ ሥልጣኔ፣ የሴቲቱ አጭር ቀሚስ ግን ክህደት የተባለበት ምክንያት በዘመኑ በቂ ማብራሪያ አላገኘም፤ የአገርን ክብር የሴት ልብስ ብቻ እንዲሸከመው የሚያደርገው አስተሳሰብ በዚያ ቀን የጀመረ አይደለም፤ በዚያ ቀን ያበቃም አይደለም። ከስድስት ዓመት በኋላ የወታደሩ መንግሥት ተማሪዎቹን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲያዘምታቸው የምርጫውን ነገር በካኪ ዘጋው።

የግል አለባበስ በእውነት የሰፋው ማንም ባላሰበው በር ነው፤ ይኸውም ልባሽ ጨርቅ፣ በመንገድ ቋንቋ ሳልቫጅ የሚባለው ነው። የልባሽ ጨርቅ ማስመጣት በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ከጅቡቲና ከሶማሌ በኩል በኮንትሮባንድ እየገባ በባቡሩና በመኪናው መሥመር ሲሸጥ ኖሯል። ከአንድ ቦንዳ የሚወጡት ልብሶች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ገዢው በመሬት ላይ የተከመረውን ሲያገላብጥ፣ ሲያይና ሲለካ ይውላል፤ ገንዘቡ ጥቂት፣ ጊዜው ግን ብዙ ነው። በዱቤ አዲስ ልብስ ከሚገዛው ይልቅ ሳልቫጅ የሚያገላብጠው ወጣት የበለጠ ይመርጣል። ያገኘውንም ለልብስ ሰፊው ይሰጣል፤ እርሱም ወገቡን ያጠባል፣ እግሩን ያሳጥራል። ያረጀውም ልብስ አይጣልም፤ በየሰፈሩ «ልዋጭ» እያለ የሚዞረው ሰው የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ ሰጥቶ ይወስደዋል፤ ልብሱም በሌላ ሰው ላይ እንደ ገና ይታያል። መንግሥት ክልከላውን ለጤናና ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ጥበቃ ሲል ማድረጉ ምክንያት ያለው ነው፤ ሆኖም የድኻው ሰው ምርጫ ያለበት ገበያ ይህ መሆኑ አብሮ መመዘን ይገባዋል።

ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአሰብ በር ስለ ተዘጋ የአገሪቱ የገቢ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሞጆ ደረቅ ወደብ የተቋቋመው ይህ መጨናነቅ ባመጣው ፍላጎት ነው። በ2014 የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፤ በ2018 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ ሥራውን ጀመረ። በቀድሞው ባቡር ዘመን ጣቃው በየጣቢያው ይወርድ፣ ቦንዳው በሱቅ በር ይፈታ ነበር። ኮንቴይነር ግን የታሸገ ነው። ጉምሩክ ይፈትሸዋል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ከዚያም በተሳቢ መኪና ላይ ሆኖ ወደ መርካቶ ጅምላ ሻጮች ያመራል። ሞጆና መቂ ያለው ቸርቻሪ ዕቃውን የሚያገኘው ከመርካቶ ወይም ከአዳማ ገዝቶ በአይሱዙ ጭኖ ሲመልስ ነው። የዓለም ልብስ በደጇ የሚያልፍባት ከተማ ምርጫዋን ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ትቀበላለች፤ ሻጩም የሚያስመጣው በብዛት የሚሸጠውን ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ከቀድሞው የጣቢያ ሱቅ ይልቅ የዛሬው ወደብ ለከተማዋ ይርቃታል።

ወደ ውጭ የሚወጣው ዕቃም የራሱ ነገር አለው። በሞጆ ከተማ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። አያቶቻቸው የቆዳ ልብስ ይለብሱ የነበሩ ሰዎች የሚሸጡት ቆዳ በእነዚህ ፋብሪካዎች ተለፍቶ ወደ ባሕር ማዶ ይላካል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለአሜሪካና ለኤውሮጳ ገበያ ልብስ ሲሰፋ፣ ሸሚዙን የምትሰፋው ሠራተኛ ያንን ሸሚዝ አትለብሰውም፤ በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሉን (አጎአ) ስታነሣ ደግሞ ጕዳቱ በእርሷ ላይ ወደቀ።

በሸማኔው ላይ የደረሰው ፈተና ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከባድ ነው። የሐበሻ ቀሚስን ጥለት በመኪና ያተመ ጨርቅ ከቻይና መጥቶ ከእጅ ሥራው እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። በሩቁ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፤ ለሚዳስሰው ግን ይታወቃል። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በየዓመቱ የሚከበረው ኢሬቻ ይህን በግልጥ ያሳያል። ከሞጆ፣ ከአዳማ፣ ከአርሲና ከሸዋ የሚመጣው ሕዝብ በጥቁር፣ በቀይና በነጭ ቀለም፣ በኦዳ ዛፍ ሥዕል ባጌጠ ልብስ ይተምማል። አንዱ በእጅ የተሸመነ ለብሷል፤ ሁለተኛው ያንኑ አምሳል በፖሊስተር ላይ ታትሞ ገዝቷል፤ ሦስተኛው የፋብሪካ ቲሸርት ላይ አሳትሟል። የሦስቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ የልዩነታቸው ምክንያት ከቦርሳቸው ይገኛል። የታተመው ጨርቅ በዓሉን አርክሶታል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ብዙ ድኻ ሰው ያለ በዓል ልብስ በቀረ ነበር።

ሸማኔዎችም ዝም ብለው አልተመለከቱም። ሙሉ ቀሚስ መግዛት ለማይችል ሰው ጥለቱን ብቻ ለይተው ይሸጡለታል። በአዳማ መንገድ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ያንን ጥለት ተቀብሎ ከኮንቴይነር በወጣ ነጭ ጨርቅ ጫፍ ላይ ይሰፋዋል። እርሷም በእጇ የተሸመነውን ጠርዝ ወደ ውጭ አድርጋ ትለብሳለች፤ ኀዘን ሲደርስባት ያንኑ ጠርዝ ወደ ትከሻዋ ታዞረዋለች።